ጀርመን አገር ታስሮ የነበረ ሚሲዮናዊ ለአያቴ የላከው ካርድ፤ መዝገቡን የት ልፈልግ?

የኮቺ ልጅ (ጅማ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የድሮ ወረቀት ማገላበጥ የሚወድ ሰው እዚህ እንደማይጠፋ አይቼ ነው የጻፍኩት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የእናቴ አባት ልጅነታቸውን ያሳለፉት ወላይታ ሶዶ ሚሲዮን ግቢ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ውሃ ቀጂ፣ ቀጥሎ ወጥ ቤት፣ ፊደል ሲለዩ ደግሞ ክሊኒኩ ውስጥ ቁስል አጣቢ ሆኑ። ጣሊያን ፈረንጆቹን ሲያስወጣ አባባም ሥራ ፈቱ። ከነጻነት በኋላ ለቡና ለቀማ ብለው ወደ ጅማ መጡ፣ እዚሁ ወልደው ከብደው እዚሁ አረፉ።

ቤታችን ሲወራ ያደግንበት ታሪክ አለ። ያሳደጓቸው ባልና ሚስት ከኢትዮጵያ ከወጡ በኋላ፣ ባልየው እንደገና ወደ አፍሪካ ሲመጣ መርከቡን ጀርመን መታው፣ ሰውየውም ተይዞ እዚያው ጀርመን ታሰረ ይባላል። እኛ ልጆቹ ተረት ነው ብለን ነበር የምናዳምጠው። ባለፈው ክረምት ግን ጣሪያው አፍስሶ ዕቃ ስናወጣ ከሳጥን ውስጥ አንድ ካርድ ተገኘ። የፖስታ ካርድ ያክላል፣ ወደ ቢጫ ሄዷል፣ ቴምብር የለውም። ከላይ አንድ የሚያደክም ረጅም ቃል ታትሞበታል። ጎረቤታችን ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በስልኩ አስተርጉሞ «የጦር እስረኞች ፖስታ» ነው አለኝ። ቀይ ማህተም አለው። ላኪው ስም ሥር «ሚላግ» የሚል ቃልና ቁጥር አለ። ከጀርባው በእርሳስ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሰባት መስመር ብቻ፦ አባባን በስማቸው ይጠራና ደህና ነኝ፣ ክረምቱ ከባድ ነው፣ ከሚስቴ ደብዳቤ ደርሶኛል፣ ለልጆቹ ጸልይ ይላል። አንዱ መስመር በጥቁር ቀለም ተሰርዟል።

አሁን ነገሩ እንዲህ ሆነ። የሰውየው የልጅ ልጅ ነኝ የምትል ሴት በቤተ ክርስቲያን በኩል ኢሜይል ላከችልን። ቤተሰቡ ስለ እስሩ አንድ ወረቀት የለውም፣ አያቷም ሳያወራው ነው የሞተው። ካርዱን ላኩልኝ ትላለች። እናቴ «የአያቷ እጅ ጽሕፈት ነው፣ ይሰጣት» ትላለች። አጎቴ «ለአባቴ የተጻፈ ነው፣ ከዚህ ቤት አይወጣም» ብሎ ተቆጥቶ ስልክ ዘጋብን።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የዚህ ሰው የእስር መዝገብ የት ይገኛል? ካርዱንስ ምን እናድርገው?

መዝገብ አገላባጭ

እህቴ፣ እጅሽ ላይ ያለው ነገር ቀላል አይደለም። ቴምብር የሌለው የእስረኛ ፖስታ ከክፍያ ነጻ ስለነበረ ነው። ቀዩ ማህተም የሳንሱር መሆን አለበት፣ የተሰረዘውም መስመር የነሱ ሥራ ነው።

ዋናው ቁልፍ «ሚላግ» የሚለው ነው። ጀርመኖች ከሰመጡና ከተያዙ የንግድ መርከቦች ላይ ያገኟቸውን መርከበኞች ያጎሩበት ካምፕ ነበር። ሚላግ ኖርድ ይባላል፣ ሰሜን ጀርመን፣ ብሬመን አጠገብ። ተሳፋሪ የነበሩ ሲቪሎችም እዚያ ገብተዋል፣ ከነሱም መሀል ሚሲዮናውያን ነበሩ። ስለዚህ የቤታችሁ ወሬ ተረት አይደለም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቤት ውስጥ የመርከቡ ስም ተነስቶ ያውቃል? ዛምዛም የሚል ነገር ሰምታችኋል?

የምጠይቅሽ ለዚህ ነው። ዛምዛም የግብጽ ባንዲራ የምታውለበልብ መርከብ ነበረች። መጋቢት 1941 በነሱ አቆጣጠር ከኒውዮርክ ተነስታ ወደ አፍሪካ ስትመጣ ከ200 በላይ ተሳፋሪ ይዛ ነበር፣ አብዛኞቹ ሚሲዮናውያንና ቤተሰቦቻቸው፣ ሕፃናት ሁሉ ነበሩባት። ሚያዝያ 9 ቀን 1933 ዓ.ም. ጎህ ሲቀድ፣ ጃንሆይ አዲስ አበባ ከመግባታቸው 18 ቀን ቀድሞ ማለት ነው፣ ደቡብ አትላንቲክ ላይ አትላንቲስ የምትባል የጀርመን የጦር መርከብ ተኮሰችባት። አትላንቲስ የንግድ መርከብ መስላ ነበር የምትዞረው። የጀርመኑ ካፒቴን ዛምዛምን የእንግሊዝ ወታደር ማመላለሻ መስላው ነው የመታት፤ ቅርጿ ድሮ ከተሠራችበት የእንግሊዝ ኩባንያ መርከቦች ጋር አንድ ነበር። ሰዉ በጀልባም በዋናም ከባሕር ወጣ፣ በሌላ የጀርመን መርከብ ተጭኖ ከአንድ ወር በላይ ተንከራቶ ግንቦት 12 ቀን ፈረንሳይ ጠረፍ ላይ ተራገፈ። ፈረንሳይ ያኔ በጀርመን እጅ ናት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚለየው። አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም፣ ስለዚህ አሜሪካውያኑ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል ወደ አገራቸው ተሸኙ። ካናዳውያንና እንግሊዞች ግን የጠላት አገር ዜጋ ተብለው ቀሩ። አንድ ጀልባ ላይ አብረው ሲጸልዩ የነበሩ ሰዎች በፓስፖርት ተለያዩ። ከካናዳውያኑ ሴቶቹ በ1942 በልውውጥ ሲወጡ፣ ወንዶች ካህናትና የሃይማኖት ወንድሞች እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስ የታሰሩ አሉ።

ስለዚህ ፍለጋሽን ከቤተ ክርስቲያኑ አትጀምሪ። ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው፣ ጊዜ ያስፈጃል። የማን አገር ዜጋ ነበር? ማን ያዘው? እነዚህ ሁለቱ ናቸው መዝገቡ የትኛው አገር እንዳለ የሚነግሩሽ።

የኮቺ ልጅ (ጅማ)

እማዬን ጠየቅኳት፣ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም! አባባ «ዘምዘም ላይ ነው የተያዘው» ይሉ ነበር፣ እኛ ደግሞ የምናውቀው ዘምዘም ጎረቤቶቻችን ከሐጅ ሲመለሱ በጀሪካን የሚያመጡልንን ውሃ ነው። ፓስተር ሰውዬ መካ ምን አደረሰው ብለን ስንት ዓመት ተከራክረናል። እና ሰውየው ካናዳዊ ነው፣ ልጅቷም የጻፈችው ከካናዳ ነው።

መዝገብ አገላባጭ

በቃ፣ ገጥሞልሻል። መርከቧም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ከመካው ምንጭ ነው።

እንግዲህ መንገዱ ይኸውልሽ። አንደኛው ጄኔቫ ነው፣ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ። በጦርነቱ ጊዜ ስለ እስረኞች የሚመጣውን ዝርዝር ሁሉ በካርድ ይመዘግቡ ነበር፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ካርድ አላቸው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ተለቋል፣ የሁለተኛው ግን አልተለቀቀም፣ ፎርም ሞልተሽ ትጠይቂያለሽ። የቤተሰብ ጥያቄ የሚቀበሉት በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ጊዜያት ብቻ ነው፣ ኮታው ሲሞላ ይዘጋል፣ ስለዚህ የሚከፈትበትን ቀን ጠብቂ። ፎርሙን የልጅ ልጁ ብትሞላው ይሻላል፣ ዝምድናዋን ማስረዳት አይከብዳትም። አንቺ የምትሰጫት ትልቁ ነገር ካርዱ ላይ ያለው የእስረኛ ቁጥር ነው። በስም ብቻ ፈልጎ ማግኘትና በቁጥር ፈልጎ ማግኘት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ሁለተኛው ኦታዋ፣ የካናዳ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት። መንግሥታቸው ስለታሰሩ ዜጎቹ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የተጻጻፈው የውጭ ጉዳይ ፋይል ውስጥ ነው የሚፈለገው። ሦስተኛው ነው እንግዲህ ሚሲዮኑ። ሶዶ ከሆነ ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ነው፣ ዛሬ ኤስ አይ ኤም የሚባለው፣ ማኅደሩ አሜሪካ ሻርሎት ከተማ አካባቢ ነው። እዚያ የምታገኙት የእስር ፋይል ሳይሆን የሰውየውን የሥራ ታሪክ፣ ለደጋፊዎች የጻፋቸውን ደብዳቤዎችና ፎቶ ነው። እንዲያውም አያትሽ ከፎቶዎቹ በአንዱ ቢገኙ አይገርመኝም።

እና አደራ፣ ቀን ስትጽፉ ተጠንቀቁ። አባባ «በ33» ካሉ ፈረንጆቹ ዘንድ 1940 ወይም 1941 ነው። እንዲህ ባለ ስህተት ስንቱ ፋይል የለም ተብሎ ተመልሷል።

ሰብለ ከአዲስ

ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ የኔ ጉዳይ ግን ሌላ አቅጣጫ ስለነበረ ለሌሎች አንባቢዎች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

ልጅ እያለሁ እንግሊዝኛ ያስተማረችን ሽማግሌ ፈረንጅ ልጅነቷን ያሳለፈችው ቻይና፣ ጃፓኖች ካምፕ ውስጥ ነው። ወላጆቿ ሚሲዮናውያን ነበሩ፣ እሷ አዳሪ ትምህርት ቤት እያለች ጦርነቱ መጣ፣ ከነአስተማሪዎቿ ዌይሽየን የሚባል ካምፕ አስገቧት። ወላጆቿን ለዓመታት አላየችም። እዚያ ካምፕ በሩጫ የታወቀው ኤሪክ ሊደል ነበር፣ በ1924 ፓሪስ ላይ በ400 ሜትር ወርቅ ያገኘው፣ ከዚያ ሚሲዮናዊ የሆነው። ለልጆቹ ስፖርት ያጫውታቸው ነበር። ነፃ ሊወጡ ስድስት ወር ሲቀር፣ የካቲት 1945፣ እዚያው አረፈ።

እሷን ስንረዳ ያየሁት፣ በጃፓን እጅ የነበሩትን የታሪክ ሰዎች የበለጠ ስለጻፉባቸው ነገሩ ይቀላል። ማኒላ ሳንቶ ቶማስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ታስረው ለነበሩት አሜሪካውያን የዋሽንግተኑ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የስም ዝርዝሩን በነፃ ያስፈትሻል። ሌላም ሰው የማያስበው ምንጭ አለ። አሜሪካ በ1948 ባወጣችው ሕግ በጃፓን ታስረው ለነበሩ ሲቪሎች በወር 60 ዶላር፣ ከ18 ዓመት በታች ለነበሩት 25 ዶላር ካሳ ተከፍሏል። ካሳ ያለበት ቦታ ማመልከቻ አለ፣ ማመልከቻ ያለበት ቦታ ሰውየው የት ከመቼ እስከ መቼ እንደታሰረ በራሱ አንደበት ተጽፏል። ገንዘብ የሚጠየቅበት ወረቀት ከጸሎት ደብዳቤ ይልቅ ቀኑን በትክክል ይይዛል፣ ይቅር ይበለኝ።

ደግሞ አሜሪካ ባለው ዊተን ኮሌጅ ማኅደር ውስጥ ሚሲዮናውያን በድምፅ የሰጧቸው ረጃጅም ቃለ መጠይቆች አሉ። ያንን ሳትሰሙ አትለፉ።

ፈረንጅ አራዳ

እኔ ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል፣ ልናገረው። ለፈረንጁ ጄኔቫ ካርድ አለ፣ ኦታዋ ፋይል አለ፣ ሻርሎት ፎቶ አለ። መልካም። በዚያው ዘመን ሶዶ የታሰሩትስ? ሚሲዮኖቹ ሲወጡ ወላይታ ውስጥ የተጠመቁት 50 እንኳ አይሞሉም ነበር፣ ሲመለሱ በሺህ የሚቆጠር አማኝ ጠበቃቸው። ይህ የሆነው እንደ ዋንዳሮ ያሉ የወላይታ አማኞች እየተገረፉ፣ እየታሰሩ ነው። ዋንዳሮን ጣሊያን በሕዝብ ፊት ነው ያስገረፈው። ለሱ ማን ካርድ ጻፈለት? የቀይ መስቀል ቅጽ ማን ሞላለት?

የሚሲዮኖቹን ደብዳቤ ያነበበ ሰው ያውቀዋል። «ወጥ ሠሪያችን»፣ «ታማኙ ልጅ»፣ «አስተርጓሚው» ይላሉ። ስም የለም። የበቅሎዋ ስም ተጽፎ የልጁ ስም የቀረበት ደብዳቤ አይቻለሁ። ስለዚህ የአያትሽን ሙሉ ስም የያዘ የእስረኛ ካርድ መኖሩ ለኔ ከሰውየው እስር በላይ ነው የገረመኝ። ጀርመን እስር ቤት ሆኖ የሚጻፈው ደብዳቤ በቁጥር የተወሰነ ነበር። ከነዚያ ውስጥ አንዱን ወደ ኢትዮጵያ፣ ለድሮ ክሊኒክ ሠራተኛው ላከ። ይህን አጎትሽ በደንብ ገብቶታል።

እና ያቺ ልጅ ስትጽፊላት በነፃ አትስጫት። ገንዘብ አላልኩም። አያቷ ከወላይታ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ቅጂ ላኪልን በያት። ስለ አያትሽ የተጻፈ ነገር ካለ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

የአጋሮዋ

ፈረንጅ አራዳ ንዴትህ ይገባኛል፣ ጠያቂዋን ግን ግራ አታጋባት።

እኔ በሥራዬ አሮጌ ወረቀት እነካለሁ፣ ስለ ካርዱ ልናገር። ዋናውን ለማንም እንዳትልኩ፣ ለእውነተኛዋ የልጅ ልጅም ቢሆን። በፖስታ የጠፋ ካርድ አይተካም። ሁለቱንም ገጽ በቀን ብርሃን ሜዳ ላይ አስተኝተሽ አንሺው፣ ፍላሽ አታብሪ፣ ጠርዙ ሁሉ ይታይ። እርሳሱ የደበዘዘበትን ብርሃን ከጎን አስገብተሽ ድጋሚ አንሺው፣ የተጫነው መስመር ጎልቶ ይወጣል። የተሰረዘውንም እንደዚያው ሞክሪው፣ አንዳንዴ ይነበባል። ከዚያ በኋላ ማስላሚኔት የሚባል ነገር በሕልምሽም እንዳይመጣ! የጅማ ሰው ውድ ወረቀት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚሮጠው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ፕላስቲክ ለማስለበስ ነው። ሙቀቱ ወረቀቱን ይጎዳዋል፣ ፕላስቲኩም ዳግመኛ አይላቀቅም። ስኮች አትለጥፊበት። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ውስጥ አድርገሽ፣ ከግድግዳ ራቅ ባለ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። የኛ ክረምት እርጥበቱ ለወረቀት ጠላት ነው፣ ብሉም አለ።

አባባ መጽሐፍ ቅዱስ ነበራቸው? በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች የልጅ ልደት፣ ጋብቻ፣ ሞት የሚጽፉት ከሽፋኑ ቀጥሎ ባለው ባዶ ገጽ ላይ ነው። የሚሲዮን ቤተሰቦችም እንደዚያው ያደርጋሉ። እሱን ሳታዩ ሌላ ቦታ አትሂዱ።

የኮቺ ልጅ (ጅማ)

መጽሐፍ ቅዱሱ አጎቴ ጋ ነው! ዛሬ ደወልኩለት፣ ካርዱ ከቤት እንደማይወጣ ስነግረው ቀዘቀዘልኝ። ገጹን በቴሌግራም አንስቶ ላከልኝ። የእናቴና የወንድሞቿ ልደት በአማርኛ በአባባ እጅ ተጽፏል። ከነሱ በላይ ግን በሌላ እጅ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሁለት የሕፃን ስሞች አሉ፣ አንደኛው አጠገብ መስቀል ተሠርቶበታል። ለልጅቷ ላኩላት። ሁለተኛው አባቷ ነው። መስቀል ያለበትን አታውቀውም። አባቷ ታላቅ ወንድም እንደነበረው ማንም ነግሯት አያውቅም።

መዝገብ አገላባጭ

ያ ሕፃን ሶዶ ሞቶ ከሆነ የመቃብሩን ነገር እዚያ ያሉ ሽማግሌዎች ሊያውቁ ይችላሉ። የሚሲዮኑም ደብዳቤዎች ሞትን ይዘግባሉ። ለሻርሎት ስትጽፉ ስሙን ከቀኑ ጋር ጨምሩት፣ እንደገና ደግሞ አቆጣጠሩን አረጋግጡ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ በነሱ ነው የሚሆነው።

ሳሊ ጅማ

በዚሁ አጋጣሚ እኔም ልጠይቅ። አክስቴን ልብስ ስፌት ያስተማሯት ጣሊያን መነኮሳት ነበሩ፣ እዚሁ ጅማ። እንግሊዝ ከተማዋን ሲይዝ ወሰዷቸው ነው የሚባለው። ለነሱም ይሠራል ይህ?

መዝገብ አገላባጭ

ይሠራል፣ መንገዱ ግን ይለያል። ጅማ የጣሊያን ጋላና ሲዳሞ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፣ የእንግሊዝ ጦር የያዛት ሰኔ 14 ቀን 1933 ነው። ከዚያ በኋላ ጣሊያኖቹ የታሰሩም የተሸኙም አሉ። በ1942 እና 43 በነሱ አቆጣጠር ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ከበርበራ ወደ ጣሊያን ያመላለሱ ነጭ የተቀቡ መርከቦች ነበሩ። ብዙ ወንዶች ደግሞ ኬንያና ሌሎች የእንግሊዝ ግዛቶች ካምፕ ገብተዋል።

በከፋና በጅማ በኩል የሠሩት በብዛት የኮንሶላታ ማኅበር ሰዎች ናቸው፣ የተመሠረተው ቶሪኖ ነው። እነሱ የራሳቸው ማኅደር አላቸው። ሌላው ቫቲካን ነው። በጦርነቱ ጊዜ ስለ እስረኞች ወሬ የሚያፈላልግ ቢሮ ከፍተው ነበር፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ የስም ካርድ ተከማችቷል፣ ከ2004 ወዲህ ለተመራማሪ ክፍት ነው። ስትጠይቂ ጅማን በጣሊያኖቹ አጻጻፍ ጻፊ፣ በእንግሊዝኛው ከጻፍሽ አይወጣልሽም። የመነኩሲቷንም የምንኩስና ስም ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ስሟን ፈልጊ።

ሳሊ ጅማ

የቤተሰብ ስም እንኳ አናውቅም፣ አክስቴ «ሲስተር» ብላ ብቻ ነው የምታወራው። ግን የስፌት ምስክር ወረቀቷ ላይ ፊርማ አለ መሰለኝ። ነገ ቤቷ ሄጄ አያለሁ። ጣሊያንኛ የሚጽፍልኝ ሰው ካለ በውስጥ ያናግረኝ።